ትምህርት፦ ለዳታ ማዕከል የትኛው ስትራክቸር ያዋጣል? አርማታ፣ ብረት ወይስ ተገጣጣሚ?



የዛሬው የዋጋ ዝርዝር ጠዋት ተለጥፏል፤ ያላያችሁ ወደ ላይ ከፍ በሉና ተመልከቱት። አሁን ደግሞ ቃል በገባነው መሠረት ትምህርት ይዘን መጥተናል። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የሚጠቅመውም ለመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ፌሮ ለምትነግዱ፣ ሲሚንቶ ለምታቀርቡ፣ ሕንፃ ለምታከራዩም ጭምር ነው።

ርዕሱን ያመጣው በውስጥ መስመር የደረሰን ጥያቄ ነው። ወንድማችን ስሜ አይጠቀስ ብሏል፤ እንዲህ ይላል፦

«አድሚን እንደምን አለህ። ለአንድ ደንበኛዬ ፌሮና ሲሚንቶ በዱቤ ሳቀርብ ነበር። ጂ+4 ሕንፃው ስትራክቸሩ አልቆ ፊኒሺንግ ላይ ብር አጥሯቸው ቆሟል። አሁን ‹2ኛውን ፎቅ ለዳታ ማዕከል የሚከራይ ድርጅት ተገኝቷል፣ ሶሌታውን እናጠናክራለን› ብለው 20 ቶን ፌሮ በዱቤ ጨምርልን አሉኝ። የበፊቱም ሙሉ አልተከፈለኝም። ልስጥ ወይስ ልተው?»

20 ቶን ቀላል አይደለም። በ16 ፌሮ ብናስበው፣ አንዱ የ12 ሜትር ዘንግ 19 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ከ1,050 ዘንግ በላይ ማለት ነው። የዛሬውን የኪሎ ዋጋ ከዝርዝራችን ወስዳችሁ በ20,000 አባዙትና ወንድማችን ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ይገባችኋል።

መልሱን መጨረሻ ላይ እሰጣለሁ። ግን መልሱ ብቻውን አይጠቅምም፤ ነገ እናንተም ዘንድ ይመጣል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እነራክሲዮ እና ዊንጉ የዳታ ማዕከል ከፍተዋል። የቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎችም መብራት ፍለጋ ወደ አገራችን ገብተዋል። «ሕንፃዬን ለዳታ ማዕከል አከራያለሁ» የሚል ሰው እየበዛ ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ እንነሳ።

📌 ክፍል 1፦ ሸክሙ ስንት ነው?

ሒሳቡ እንዲቀለን አንድ ነገር እንያዝ። መሐንዲሶች «አንድ ኪሎፓስካል» የሚሉት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው።

👉 ተራ ቢሮ፦ እኛም በምንጠቀምበት የአውሮፓ ኮድ አካሄድ፣ ወለሉ ከራሱ ክብደት ሌላ በካሬ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ጭነት እንዲችል ይሰላል።
👉 ሱቅ፦ በካሬ ከ400 እስከ 500 ኪሎ።
👉 ዳታ ማዕከል፦ ቲአይኤ-942 የሚባለው የዘርፉ መመዘኛ ለዝቅተኛው ደረጃ በካሬ 720 ኪሎ ገደማ፣ ለከፍተኞቹ ሁለት ደረጃዎች ደግሞ 1,200 ኪሎ ገደማ ይጠይቃል።

ያ ብቻ አይደለም። የኬብል መተላለፊያው፣ የአየር ቱቦው፣ የውሃ መስመሩ ከላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ደግሞ ከጣሪያው ወይም ከላይኛው ሶሌታ ሥር በካሬ ከ120 እስከ 240 ኪሎ የሚንጠለጠል ጭነት ይታሰባል። የብዙ ሰው ስሌት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ወለሉን አጠናክሮ ጣሪያውን ይረሳል።

«ይሄ መመዘኛ ተጋኗል፣ ሰርቨር ምን ይከብዳል?» የሚል አይጠፋም። እንመዝነው።

አንድ ራክ፣ ማለትም ሰርቨሮች የሚደረደሩበት ቁም ሳጥን መሰል መደርደሪያ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። የሚይዘው ቦታ 0.72 ካሬ ይሆናል። ሲሞላ አንድ ቶን መመዘን ብርቅ አይደለም። 1,000 ለ0.72 ስናካፍለው ከሥሩ ያለው ወለል በካሬ 1,390 ኪሎ ገደማ ተሸከመ ማለት ነው።

ራኮች ግን ተጠጋግተው ብቻ አይቆሙም፤ ከፊትና ከኋላ መተላለፊያ አላቸው። የመተላለፊያውን ግማሽ ግማሽ ለእያንዳንዱ ራክ ብንሰጥ፣ አንዱ ራክ 1.44 ካሬ ያህል ይደርሰዋል። ያኔ አማካዩ በካሬ 690 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በጣም ደግ ሆነን ብናሰላው እንኳ የቢሮውን ወለል ከእጥፍ በላይ አለፈው።

የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሽኖች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። የኤንቪዲያ ጂቢ200 ኤንቪኤል72 የሚባለው አንድ ራክ ብቻውን 1.36 ቶን ገደማ ይመዝናል። በዚያው ስሌት አማካዩ በካሬ ወደ 940 ኪሎ ይወጣል፤ በቀጥታ ከሥሩ ያለው ደግሞ ወደ 1,900 ኪሎ ይጠጋል። ሕንፃ ሲሠራ ለ50 ዓመት ታስቦ ነው፤ ሰርቨር ግን በአምስት ዓመት ገደማ ይቀየራል። የዛሬውን ራክ መዝኖ ልክክ አድርጎ የሠራ ሰው፣ ተከራዩ ማሽን ሲቀይር ሕንፃው ያረጅበታል።

ባትሪው፣ ትራንስፎርመሩና ጄኔሬተሩ ገና አልተጠቀሱም። የ2 ሜጋዋት ጄኔሬተር 15 ቶን ገደማ እና ከዚያም በላይ ይመዝናል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ነው። ስለዚህ ያው ጄኔሬተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሚፈለገውን ኃይል ለማግኘት ተለቅ ያለ ይገዛል፤ ተለቅ ያለው ደግሞ ይከብዳል። ቦታው መሬት ላይ ቢሆን ይመረጣል።

📌 ክፍል 2፦ የኮለን ርቀትና ቁመት

ዳታ ማዕከል የሚያከራየው ካሬ ሜትር ሳይሆን የራክ ቦታና መብራት ነው። ኮለን በአዳራሹ መሃል በቆመ ቁጥር የራክ ቦታ ይበላል፤ የአየሩንም መንገድ ይዘጋል። በየአራትና በየአምስት ሜትሩ ኮለን ያለበት የተለመደው ሕንፃችን ለዚህ ሥራ ጫካ ነው። ለዳታ አዳራሽ 9 ሜትር፣ 12 ሜትር፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ክፍተት ይፈለጋል።

አንድ ጥሩ ልማድ ልንገራችሁ። ከፍ ተደርጎ የሚነጠፈው ተነቃይ ወለል በ60 ሳንቲም ታይል ነው የሚሠራው፤ የራኩም ስፋት 60 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ጎበዝ ዲዛይነር የኮለኖቹን ርቀት በ0.6 የሚካፈል አድርጎ ይመርጣል፤ 9፣ 9.6፣ 10.8፣ 12 ሜትር እያለ። እንዲህ ሲሆን የተቆራረጠ ታይልና ባዶ ጥግ አይተርፍም።

ቁመትም አለ። ራኩ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ከላይ ኬብል፣ ከኬብሉ በላይ የሞቀ አየር መመለሻ፣ ከዚያ መብራትና የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ይመጣል። ተነቃይ ወለል ካለው ከሥር ሌላ 60 ወይም 90 ሳንቲም ይወሰዳል። በ3 ሜትር የፎቅ ቁመት ይሄ አይገባም። ትልቅ ቢም ካለበት ደግሞ ቁመቱ የሚለካው ከቢሙ ሥር ነው፤ ከሶሌታው ሥር አይደለም።

📌 ክፍል 3፦ አማራጮቹ

✅ ሀ. ሳይት ላይ የሚሞላ አርማታ

የኛ አገር ባለሙያ የሚያውቀው ይሄንን ነው። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠሩ የአገር ውስጥ ነው። እሳትን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ከባድና ግትር ስለሆነ ንዝረት አይወድም፤ ይሄ ለማሽኖቹ ጥሩ ነው። የክረምት ዝናብና በረዶ ለሚወርድበት ከተማ የአርማታ ጣሪያ ከአንድ ሽፋን ቆርቆሮ ይልቅ ልብ ያሳርፋል።

ችግሩ ጊዜ ነው። ካሳፎርማ ይገጠማል፣ ፌሮ ይታሰራል፣ ይሞላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እስኪጠነክር ይጠበቃል። ድጋፉ ሙሉ በሙሉ እስኪነሳ በተለምዶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሄዳል። ሙሉ ጥንካሬው የሚመዘነው በ28 ቀን ነው። ሁለተኛው ችግር የራሱ ክብደት ነው። 20 ሳንቲም ውፍረት ያለው ሶሌታ ብቻውን በካሬ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ መሠረቱ ያንንም ይሸከማል።

በአርማታ ውስጥም ምርጫ አለ። ቢም የሌለው ጠፍጣፋ ሶሌታ ለቱቦና ለኬብል ምቹ ነው፤ ነገር ግን ኮለኑ ሶሌታውን እንዳይበሳው ዙሪያው በደንብ መጠናከር አለበት። በኮንዶሚኒየም የለመድነው ተገጣጣሚ ቢምና ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት ሶሌታ ለመኖሪያ ደህና ሠርቷል፤ ለራክ የነጥብ ጭነትና ለባትሪ ክፍል ግን አይታሰብ። ውስጡ በተወጠረ ገመድ የሚሠራው ሶሌታ ረጅም ርቀት በቀጭን ውፍረት ይሻገራል፤ ግን ዳታ ማዕከል ዕድሜውን ሙሉ የሚቦረቦር ሕንፃ ነው። አንድ ኤሌክትሪሺያን ሳያውቅ ገመዱን በድሪል ከቆረጠው መዘዙ ከባድ ነው። ይህን የመረጠ ሰው የገመዶቹን ካርታ እንደ ንብረት ካርታው ይጠብቅ።

✅ ለ. የብረት ፍሬም ከላሜራ ዴክ ጋር

ኮለኑና ቢሙ ኤች እና አይ ቅርጽ ያለው ብረት ነው። በላዩ የታጠፈ ላሜራ ይነጠፋል፤ ላሜራው ራሱ ካሳፎርማ ሆኖ ስስ አርማታ ይሞላበታል። ከሥሩ የባህር ዛፍ ድጋፍ ጫካ ስለማይኖር ታች ሌላ ሥራ መቀጠል ይቻላል። ወለሉ የራሱ ክብደት በካሬ ወደ 300 ኪሎ ሊወርድ ይችላል። ረጅም ርቀት ይሻገራል። ነገ ከባድ ማሽን ቢመጣ ቢሙ ላይ ተጨማሪ ብረት በብየዳ ወይም በቡሎን መጨመር ከአርማታ ይቀላል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው እሳት። ብረት 600 ዲግሪ ሲደርስ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ እሳት የሚከላከል ቀለም፣ ርጭት ወይም ሰሌዳ የግድ ነው። ፕሮፎርማ ስትቀበሉ ይሄ ወጪ መካተቱን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ «ብረቱ ረከሰ» የሚባለው ይሄ ስለተረሳ ነው። ሁለተኛው ዶላር ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

✅ ሐ. ቅድመ ተገጣጣሚ አርማታ

ኮለን፣ ቢምና ሶሌታው ፋብሪካ ተሠርቶ በክሬን ይገጠማል። አሜሪካ ይሄ በሰፊው ይሠራበታል። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን አካባቢ ያላችሁ ወገኖቻችን በየቀኑ የምታልፉባቸው መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙዎቹ ዳታ ማዕከላት ናቸው። እዚያ አገር ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ግድግዳውን በወለሉ ላይ አጋድሞ መሙላትና ሲጠነክር በክሬን ማቆም ነው። ሌላው በፋብሪካ ተወጥሮ የተሠራ ባለ ሁለት እግር ሶሌታ ነው፤ 18 ሜትር አካባቢ ያለ ኮለን ይሻገራል።

በኛም አገር ተገጣጣሚ የሕንፃ አካል ማምረት አዲስ አይደለም፤ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አለ። ግን ለእንዲህ ያለ ከባድ ጭነትና ረጅም ርቀት የሚሆን ቅርጽ፣ የሚያነሳ ክሬን፣ የሚያልፍበት መንገድ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ዋናው ጉዳይ ደግሞ መጋጠሚያው ነው። ተገጣጣሚ ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈተነው በመጋጠሚያው ነው።

✅ መ. የመጋዘን ዓይነት የብረት ሼድ

አንድ ፎቅ፣ ሰፊ፣ ርካሽ፣ ፈጣን። ወለሉ መሬት ላይ ስለሚያርፍ የራክ ክብደት በቀጥታ ወደ አፈሩ ይሄዳል። ለብዙ የኛ አገር ፕሮጀክት ከመሬት ዋጋ ሌላ እንቅፋት ከሌለ ይሄ ብልህ ምርጫ ነው።

ወጥመዱ ጣሪያው ነው። የመጋዘን ጣሪያ የሚሰላው ለቆርቆሮው፣ ለነፋስና ለጥገና ወደ ላይ ለሚወጣ ሠራተኛ ነው። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚታሰበው በካሬ ከ50 ኪሎ አይዘልም። እኛ ደግሞ ከ120 እስከ 240 ኪሎ ልናንጠለጥልበት ነው። በቀጭን ቱቦላሬ የተሠራ ትራስ ይሄን አይችልም። መፍትሔው ወይ ከመጀመሪያው ጣሪያውን ለዚያ ጭነት ማሰላት፣ ወይም ኬብልና ቱቦውን የሚሸከም ራሱን የቻለ የብረት ፍሬም ከወለሉ ማቆም ነው።

✅ ሠ. ኮንቴነርና ሞጁል

ተሠርቶ የመጣ ሳጥን ጠንካራ ወለል ላይ ይቀመጣል። ለቢትኮይን ማይኒንግ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ሰብስቴሽን አጠገብ ይደረደራል፣ ካልተስማማ ተነስቶ ይሄዳል። ማይኒንግ መብራት ሲጠፋ ለሰዓታት ቢቆም የሚያጣው የሰዓታት ገቢ ነው። የባንክ ሰርቨር ግን አንድ ሰዓት ቢቆም ኤቲኤሙም ዝውውሩም ይቆማል። «እነሱ በኮንቴነር ሠሩ እኮ» ብሎ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ለባንክ የሚሆን ሞጁል አለ፤ ዋጋውም፣ የሚጠይቀው ጥበቃም ሌላ ነው።

📌 ክፍል 4፦ አፈሩና መንቀጥቀጡ

የከተማችን ምሥራቁ ክፍል፣ ቦሌና ጎሮ አካባቢ፣ መረሬ ይበዛዋል። መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ራክ የሚቆምበት ወለል ደግሞ አንድ ሳንቲም እንኳ ሲዘነበል በሩ አይዘጋም፣ ቱቦው ይጨነቃል። ስለዚህ «መሬት ላይ ነው፣ ችግር የለውም» ማለት መረሬው ወጥቶ በተመረጠ አፈር ከተተካና በደንብ ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው። የዚያ ቁፋሮና ሙሌት ዋጋ ከስትራክቸሩ ጋር ተደምሮ ይታይ።

መንቀጥቀጡን በ2017 ዓ.ም. ሁላችንም አይተነዋል። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ተሰምቶታል። የመንቀጥቀጥ ኃይል የሚያድገው ከሕንፃው ክብደት ጋር ነው። ወለሉ ላይ በካሬ ቶን የሚጭን ሕንፃ ከቢሮ ይልቅ ይገፋል። በዚህ በኩል ቀለል ያለው የብረት ፍሬም ይጠቅማል፤ አርማታም ሸር ዎል ከተሰጠው ጥሩ ይቆማል። የትኛውም ቢሆን ራኩና ተነቃይ ወለሉ ከስትራክቸሩ ጋር መታሰር አለባቸው። ሕንፃው ተርፎ ራኮቹ ከወደቁ ተከራዩ ምን አተረፈ?

📌 ክፍል 5፦ የኛ ጉዳይ፣ ዋጋው

አሁን ወደ ገበያችን እንምጣ። አማካሪው አማራጮችን ሲያቀርብላችሁ «ይሄ ይረክሳል» የሚል አንድ መስመር አትቀበሉ። ለእያንዳንዱ አማራጭ አራት መጠን ጠይቁ፦

1. አርማታ በሜትር ኩብ
2. ፌሮ በኪሎ
3. የብረት ቢምና ኮለን በኪሎ፣ ከእሳት መከላከያው ጋር
4. ካሳፎርማ በካሬ

እነዚህን ይዛችሁ የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ ማባዛት ትችላላችሁ። ዋጋ ሲቀያየር ደግሞ መጠኑ ስላለ ስሌቱን በአሥር ደቂቃ ታድሱታላችሁ።

ከዚያ የትኛው ዕቃ በምን እንደሚነቃነቅ እወቁ። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ ይመረታል፤ ዋጋው የሚነቃነቀው በምርት፣ በመብራት፣ በትራንስፖርትና በስርጭት ነው። ፌሮ መሃል ላይ ነው፤ እዚህ ይጠቀለላል፣ ጥሬ ዕቃው ግን በብዛት ከውጭ ይመጣል። ትላልቆቹ አይ እና ኤች ቢሞች ደግሞ ሙሉ በሙሉ የዶላርና የጅቡቲ ጉዳይ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ሲታወጅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ በብር ጨረታ አሸንፎ ብረቱን ገና ያላስገባ ኮንትራክተር ምን እንደደረሰበት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በዳታ ማዕከል ትልቁ ወጪ የሚሄደው ለኤሌክትሪክና ለማቀዝቀዣ ዕቃው ነው፤ ስትራክቸሩ ከጠቅላላው አነስተኛው ድርሻ ነው። ስለዚህ ስትራክቸር ላይ ትንሽ ቆጥቦ ያን ሁሉ ውድ ዕቃ መጋዘን ማስቀመጥ ትርፍ አይደለም።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው። የብረቱ አማራጭ ከአርማታው 10 ሚሊዮን ብር ይበልጣል እንበል። ግን ሕንፃውን በ4 ወር ያስቀድማል። የወር ገቢው 3 ሚሊዮን ብር ቢሆን 4 ወሩ 12 ሚሊዮን ያመጣል። ብረቱ በ2 ሚሊዮን አሸነፈ።

አሁን ኤልሲ መክፈቱና ጭነቱ 3 ወር ዘገየ በሉ። የተረፈው ጊዜ 1 ወር፣ ማለትም 3 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ብረቱ 7 ሚሊዮን አከሰረ። ያው ሕንፃ፣ ያው ዲዛይን ነው፤ ውጤቱን የገለበጠው የባንክ ወረፋ ነው። ስለዚህ በኛ አገር «ብረት ይፈጥናል» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ብረቱ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ዶላሩ ያለው ወይም ብረቱ በእጁ ያለ ሰው ብረትን ያስብ። የሌለው ሰው አርማታን ንቆ አይለፍ።

ከዚህ ተነስተን መመሪያ ብናወጣ እንዲህ ይሆናል፦

👉 መሬት አለ፣ ሰፊ ነው፦ አንድ ፎቅ፣ ጣሪያው ለሚንጠለጠል ጭነት የተሰላ፣ ወለሉ መሬት ላይ።
👉 መሬት ጠባብ ነው፣ ዶላር አለ፣ ተከራይ ይቸኩላል፦ የብረት ፍሬም ከላሜራ ዴክ ጋር።
👉 መሬት ጠባብ ነው፣ ሥራው በብር ነው፣ ጊዜ አለ፦ ሳይት ላይ የሚሞላ አርማታ፣ ሰፋ ባለ የኮለን ርቀት።
👉 ብዙ ተመሳሳይ ሕንፃ በአንድ ግቢ ይሠራል፦ ተገጣጣሚ አርማታ፤ ቅርጹ ደጋግሞ ሲሠራበት ወጪውን ይመልሳል።
👉 ጥቂት ራክ፣ ጊዜያዊ ሥራ፦ ሞጁል።

ድብልቅም ይቻላል። ከታች አርማታ፣ ከላይ ብረት አድርጎ መሥራት፣ ጄኔሬተርና ባትሪውን መሬት ላይ አውርዶ ፎቁን ለቀላሉ ማስቀረት የተለመደ ነው።

📌 የወንድማችን መልስ

ወንድሜ፣ ዝርዝር ስጠይቅህ የኮለኑ ርቀት 5 በ5 ሜትር፣ የፎቁ ቁመት 3.2 ሜትር፣ ዲዛይኑም ለቢሮ መሆኑን ነገርከኝ። እንግዲህ እናስላ።

5 በ5 ማለት 25 ካሬ ነው። ለቢሮ በካሬ 300 ኪሎ ከሆነ 7.5 ቶን ነው። በዳታ ማዕከል 1,200 ኪሎ ከሆነ 30 ቶን ነው። አንድ የመሃል ኮለን በዚያ አንድ ፎቅ ብቻ 22.5 ቶን ይጨመርበታል፤ ከሥሩ ያሉት ኮለኖችና መሠረቱም ያንን ይቀበላሉ። ስለዚህ «ሶሌታውን እናጠናክራለን» የሚለው ንግግር ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ሶሌታው ቢጠናከር ቢሙ፣ ቢሙ ቢጠናከር ኮለኑ፣ ኮለኑ ቢጠናከር መሠረቱ ይቀራል። ለዚህ ደግሞ የተሞላ ሶሌታ ውስጥ ፌሮ አይከተትም። ተጨማሪ አርማታ ከላይ ቢሞላበት ራሱ ክብደት ነው፤ 10 ሳንቲም ብቻ በካሬ 250 ኪሎ ይጨምራል። ያ ማለት ቢሮው ሊሸከም ከታሰበለት ጭነት አብዛኛውን ራሱ ማጠናከሪያው በላው።

ቁመቱም አይፈቅድም። ከ3.2 ሜትር ላይ ቢሙን ቀንሰህ፣ ተነቃይ ወለሉን ቀንሰህ፣ ከራኩ በላይ የሚተርፈው እጅ አያስገባም።

ስለዚህ ያ 2ኛ ፎቅ እንደታሰበው ዳታ አዳራሽ ይሆናል ብዬ አላምንም። ሕንፃው ግን ከንቱ አይደለም። ቢሮው፣ የቁጥጥር ክፍሉ፣ የቴክኒሻኖች ማረፊያው እዚያ ይሆናል። ከኋላ ያለው ጓሮ ባዶ ነው ብለሃል፤ ዳታ አዳራሹ እዚያ በአንድ ፎቅ ቢሠራ ከማጠናከሪያው ይልቅ ወደ እውነት ይቀርባል። ለደንበኞችህ ይሄን ብትነግራቸው ጠላት አትሆናቸውም፤ ምናልባት ከትልቅ ኪሳራ ታድናቸዋለህ።

ስለ 20 ቶኑ ግን ሦስት ወረቀት ሳታይ አንድ ዘንግ አታውርድ፦

1. በተመዘገበ ስትራክቸራል መሐንዲስ የተፈረመ ሪፖርት፤ ሶሌታውን ብቻ ሳይሆን እስከ መሠረቱ ያየ፣ የፌሮውንም መጠን የሚዘረዝር።
2. ከኤሌክትሪክ አገልግሎት የተሰጠ የኃይል ማረጋገጫ ደብዳቤ። መብራት የሌለው ዳታ ማዕከል መጋዘን ነው።
3. ከተከራዩ ጋር የተፈረመ ውል፤ «ተስማምተናል» የሚል ወሬ ሳይሆን።

ሦስቱም ካሉ፣ የበፊቱን ዕዳ በጽሑፍ አስፈርመህ፣ አዲሱን በከፊል ክፍያና በየደረጃው አቅርብ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዝም ብለህ «ይቅርታ፣ አልችልም» በል። ዱቤ የሰጠ ሰው አስቦ እንጂ አፍሮ መስጠት የለበትም።

ቤተሰብ፣ የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው። አንድ የቤት ሥራ ልተውላችሁ። 9 በ9 ሜትር የኮለን ርቀት ያለው አዳራሽ ቢሆን፣ በካሬ 300 እና በካሬ 1,200 ኪሎ መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ የመሃል ኮለን ስንት ቶን ይመጣል? መልሱን ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ነገ ማታ ከመልሱ ጋር እንገናኛለን።

ትክክለኛው የሕንፃ ስሌት የሚሠራው በቦታው ባለ መሐንዲስ ነው፤ እኛ ያሳየነው ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ነው። ዱቤ ተጠይቆ ለሚጨነቅ ወዳጅ ካላችሁ ይሄን ሼር አድርጉለት።

መልካም ምሽት። የነገው ዋጋ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይለጠፋል።